ብርሃን ፍለጋ የወጣው ልብስ ሰፊ

መርሳ ላይ ልብስ ሰፊውን ዓሪፍን የማያውቅ አልነበረም። ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በረንዳው ላይ አንዲት የእግር ስፌት መኪና ነበረችው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሽማግሌ ጀለቢያ፣ የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋባታል። እጁ ንጹሕ ነው፤ ቀጠሮ ግን አያከብርም። ቀጠሮ የማያከብረው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ስለሚያነብ ነው። ጨርቁ መርፌው ሥር እንደተያዘ ጭኑ ላይ የዘረጋው መጽሐፍ ውስጥ ሲሰጥም ደንበኛው መጥቶ ፊቱ ይቆማል።

«ዓሪፍ፣ ሱሪዬስ?»

«አንድ ገጽ ቀረችኝ። እሷን ልጨርስና።»

ሰው ይስቅበታል እንጂ አይቀየመውም ነበር።

ያ መጽሐፍ እጁ የገባው ጦርነቱ ወደ ወሎ ከመዝለቁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ክር ሊገዛ ወልድያ ወጥቶ ሳለ መናኸሪያው አጠገብ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አገኘው። ሽፋኑ ወልቆ በካርቶን ተተክቷል፤ የመጽሐፉ ርእስና የደራሲው ስም ያለበት ቅጠል ተገንጥሎ ጠፍቷል። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይታገሱ» የሚል ስም ተጽፏል። ይኸው ይታገሱ የተባለው የቀድሞ ባለቤት ልቡን የነካውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ በዚያው ቀይ አስምሮበታል።

ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ ልብ ወለድ ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ የሚኖር ሰዓት ጠጋኝ አንድ ማለዳ ሱቁን ከፍቶ፣ ሚስቱን በተኛችበት ትቶ፣ የልቡን ብርሃን ፍለጋ ይወጣል። በረሃ ያቋርጣል፤ ከመናንያን ጋር ይቀመጣል፤ ኋላም አንድ ተራራ ላይ የፈለገውን ያገኛል። ዓሪፍ ሦስት ጊዜ አነበበው። በቀይ ከተሰመሩት ሁሉ አንዷን በቃሉ ያዛት፦ «ቤቱን ያልተወ ሰው ራሱን አያገኝም።»

ሚስቱ አሚና ማንበብ ባትችልም ስለ ሰውየው አጥብቃ ትጠይቀው ነበር። «እስካሁን አልደረሰም እንዴ?» ትለዋለች ዕቃ እያጠበች።

«አንቺ አይገባሽም፤ የነፍስ ነገር ነው።»

ይህን ሲላት ትስቅ ነበር። እሱ ግን ከልቡ ነበር የሚናገረው። አባቱ አያ አብዱልጀሊል ግማሽ አካላቸው ሽባ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ማጉረሱ የእሱና የአሚና ሥራ ነው። ጠዋት አባቱን አጥቦ መኪናዋ ላይ ሲቀመጥ «ለዚህ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠርኩት?» የሚል ሐሳብ ይመጣበትና ደንግጦ ይመልሰዋል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጁ ናጅዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ ከመጽሐፉ ላይ ትልልቁን ቃል እየነጠለች ታነብለታለች። ንባብ ያስተማራት እሱ ነው።

ነሐሴ ላይ ወልድያ ተያዘች ተባለ። የመድፉ ድምፅ መጀመሪያ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ከሩቅ ነበር፤ ኋላ መስኮት ማንቀጥቀጥ ጀመረ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ሳይቀር ሰው በሰው ላይ ጭኖ ወደ ሐይቅና ደሴ ወረደ። ወልድያን የያዙት ታጣቂዎች ወንድ ያገኙ እንደሆነ «ወታደር ነህ» ብለው ይይዛሉ የሚል ወሬ ከመኪኖቹ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰው።

«እኔን ተዉኝና ሂዱ» አሉ አያ አብዱልጀሊል ከአልጋቸው።

«አንቱን ጥለን ወዴት ነው የምንሄደው አባባ?» አለች አሚና። «እዚሁ እንሆናለን። አላህ ያለው ይሆናል።»

ዓሪፍ ተነሥቶ በሩን ቀረቀረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንዙ ማዶ አንድ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ጭሱ ታየ። እሱ በረንዳው ላይ ነበር። መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቃተው፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። አንጀቱ ውስጥ የገባው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። ስሙን ግን ሊጠራው አልፈለገም። መጽሐፉን ገለጠና ቀዩን መስመር አነበበ፤ ያን ጊዜ የያዘው ነገር ጥሪ መሰለው። ሌላ ስም ካገኘለት በኋላማ የሚያግደው አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ሱብሒን ሰግዶ አባቱን በጎናቸው አገላበጣቸው። «አላህ ይውደድህ ልጄ» አሉት ዓይናቸውን ሳይገልጡ። አሚና ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ከናጅዋ ደብተር አንድ ቅጠል ቀደደና «አሚናዬ፣ ቤቱን ያልተወ ሰው ራሱን አያገኝም። ብርሃን ፍለጋ ወጥቻለሁ። አትጠብቁኝ፤ ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ ጽፎ መኪናዋ ላይ አኖረው። ጋቢውንና መጽሐፉን በፌስታል ይዞ፣ ዋናውን መንገድ ትቶ፣ በማሽላው እርሻ ውስጥ ለውስጥ ወደ ግራና አቀና። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። እዚያ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ ተመለሰለት፤ ያንንም የብርሃኑ መጀመሪያ ነው ብሎ ቆጠረው።

ከግራና አልፎ ተራራው ወገብ ላይ የሼህ አብዱልሐሊም መድረሳ አለ። ዓሪፍ ያሰበው ጸጥ ያለ ቦታ፣ ጥቂት ደረሳ ተማሪዎች፣ ቁርኣንና ዛፍ ነበር። የደረሰበት ግን ሌላ ነው። ደረሶቹ የሚተኙበት ጎጆ ሁሉ በተፈናቃይ ተሞልቷል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከብቱም ዶሮውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሼሁ ሽርጣቸውን ሰብስበው በሚያለቅሱ ሕፃናት መካከል ቆመው እህል ያካፍላሉ።

ዓሪፍ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

«ምን ፈልገህ መጣህ ልጄ?»

«ቤቴን ትቼ ብርሃን ፍለጋ ነው የመጣሁት ሼሃችን።»

ሼሁ ከላይ እስከ ታች አዩት። እስከ ጉልበቱ የደረሰውን ጭቃ አዩ፤ ፌስታሏን አጥብቆ የያዘበትን እጁን አዩ።

«ልጄ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ሸሽቶ ነው የመጣው። አንተም ሸሸሁ ብትል የሚታዘብህ የለም። መሸሽ ነውር አይደለም፤ ነቢያችንም ተሰደዋል።»

«አይ፣ እኔ እንኳ…» ብሎ ጀመረና ዓሪፍ ፌስታሏን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። ፊቱ ሲግል ተሰማው።

«ይሁን» አሉ ሼሁ። «ጀሪካኖቹ ያውልህ። ምንጩ ከታች ነው።»

በዚያው ውሃ ቀጂ ሆነ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይወርዳል፤ ይወጣል። ሲያርፍ የተፈናቃዩን ልጆች ልብስ በእጅ መርፌ ይጠግናል። እማ መሪማ የሚባሉ፣ ከወልድያ ወዲህ ካለ መንደር አራት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሸሹ ሴት፣ እጁን አይተው «አንተማ ልብስ ሰፊ ነህ» አሉት። አልካደም። ከመርሳ መምጣቱንም አልደበቃቸውም። ቤቱ ማን እንዳለ ሲጠይቁት ግን ወሬ አስቀየረ።

መርሳ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ሄዶ ለማየት ስንት ጊዜ አሰበ። መጀመሪያ ያስቀረው ፍርሃቱ ነበር። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ፍርሃቱ ለቀቅ አደረገውና እፍረቱ ያዘው። ምን ይዤ ልመለስ? አሚና «አገኘኸው ወይ?» ብላ ብትጠይቀኝስ? እያለ ቀን በቀን ላይ ሲጨመር ሃምሳ ቀን ሊሞላው ተቃረበ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ጎጆ ውስጥ ተጠግተው ሳለ «ያን መጽሐፍህን አንብብልን፤ ልባችን ይረፍ» አሉት። አነበበላቸው። ሰዓት ጠጋኙ ሱቁን ከፍቶ ሲወጣ፣ የከተማውን በር ሲያልፍ፣ ድምፁን አሳምሮ አነበበ። እማ መሪማ አቋረጡት።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ሚስትየው ስትነቃ ምን አለች?»

«መጽሐፉ አይናገርም እማ።»

«ሱቁ ክፍት ነው ብለሃል። ሌባ አልገባበትም?»

«እሱንም አይናገርም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚናገረው?» ጎጆው በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሰውየው ብርሃኑን አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ አልክድም። እኔን የቸገረኝ፣ በማግስቱ ለዚያች ሴት ውሃ ማን ቀዳላት? የሚለው ነው።»

ዓሪፍ መጽሐፉን አጠፈ። «ራሴን አሞኛል» ብሎ በዝናቡ ወጣ።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ንጉሴ የሚባል የጉባ ላፍቶ ገበሬ ወደ ዘመዶቹ ሲያልፍ ግቢው ውስጥ አረፈ። ታጣቂዎቹ በያዟት መርሳ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ነው የመጣው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። ሰዎቹ በቆሎ እየፈለፈሉ ከበው ወሬ ጠየቁት። የተዘረፈውን ቤት፣ የጨው መጥፋቱን፣ የወፍጮውን መቆም ነገራቸውና ሰዉ ሲተክዝ አይቶ ወሬውን ወደ ሳቅ መለሰው።

«መርሳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ አሉ። መድፉ ሲያጓራ ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ሲል፣ እሱ ምን ብሎ ወጣ መሰላችሁ? ሽባ አባቱንና ሚስቱን ትቶ፣ ‘ብርሃን ፍለጋ ወጥቻለሁ’ ብሎ ደብዳቤ ጽፎ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«አሁን መርሳ ላይ ኩራዝ ሲጠፋ ምን ይባላል? ‘ትንሽ ታገሡ፤ ልብስ ሰፊው ብርሃን ይዞልን እየመጣ ነው!’»

ዓሪፍም ሳቀ። ሁሉም እየሳቀ ዝም ብሎ መቀመጥ አላስችል ብሎት ሳቀ፤ እንዲያውም ከሌላው ጎላ አድርጎ ሳቀ። እማ መሪማ የሚፈለፍሉትን በቆሎ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እሱን ብቻ ያዩ ነበር።

«ሽማግሌው ግን ያሳዝናሉ» ቀጠለ ንጉሴ። «ባለፈው ሳምንት ሞቱ። ሰፈሩ ውስጥ ጎልማሳ ወንድ የለም። ሁለት ሽማግሎች አጥበው ገነዟቸው፤ ቀብሩን የቆፈሩት ሙላቱ የሚባሉ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናቸው። እኔም አፈር በመመለስ አግዣለሁ።»

ሳቁ ገና ከዓሪፍ ከንፈር ላይ አልወረደም ነበር። ሊያወርደው ፈለገ፤ ጉንጩ እምቢ አለው። ተነሥቶ ከግቢው ወጣና ጀሪካን አንሥቶ ወደ ምንጩ ወረደ። እዚያ ደርሶ ውሃ ሳይቀዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለሞተ ሰው የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ያንን ቃል ለማለት እንኳ መብት የሌለው መሰለው። አባቴ ሞቶ ስቄአለሁ አለ በልቡ። ይህን ለማንም አልነግርም አለ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ ማሰቡ አሳፈረው።

እማ መሪማ በዱላቸው እየተደገፉ ቁልቁለቱን ወርደው መጡ። አላጽናኑትም። «ጀሪካኑን እኔ ሰው ልኬ አስነሣዋለሁ» አሉት። «አንተ ሂድ።»

ሳይመሽ ተነሣ፤ ግራና አድሮ በማግስቱ ማሽላውን ትቶ በዋናው መንገድ በገሃድ ሄደ። መርሳ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ አንዲት ወጣት ታጣቂ ሴት መሣሪያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፌስታሉን አስፈታችው።

«ምንድን ነው?»

«ልብ ወለድ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ቤቱን ትቶ ስለወጣ ሰው።»

ገለጥ ገለጥ አድርጋ ቀዩን መስመር አየች። «መጨረሻው ላይ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

መጽሐፉን መልሳ ዘረጋችለት። «እንግዲያው አልፈልገውም» አለች። «እለፍ።»

በረንዳው ባዶ ነበር። የስፌት መኪናዋ እግሮች የቆሙበት አራት ምልክት ብቻ ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል። ናጅዋ ደጅ ላይ ሽምብራ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችው፤ እየሮጠች አልመጣችም። ወደ ውስጥ ገባችና «መጣ» ስትል ሰማ። «አባዬ መጣ» አላለችም።

አሚና በሩ ላይ ቆመች። ከስታለች። «አባትህ ካረፉ ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀናቸው» አለችው።

«ሰማሁ። ከመንገደኛ።»

ውሃ አቀረበችለት፤ እግሩን ታጠበ። ያለውን አቀረበችለት። የአባቱ አልጋ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ዓሪፍ አልጋውን እያየ መናገር ጀመረ።

«አሚና፣ ነፍሴ በጨለማ ውስጥ ስትንከራተት…»

«ተው» አለችው። ድምፅዋን አላነሣችም። «በዚያ ቋንቋ አታናግረኝ። እሱን ናጅዋ አንብባልኛለች።»

«ናጅዋ ናት ያነበበችው?»

«ታዲያ ማን ያንብብልኝ? አባትህ አልጋ ሥር ቁጭ ብላ፣ ጋሽ ሙላቱና ሚስታቸው ውባለም ባሉበት አቀላጥፋ አነበበችው። ‘አትጠብቁኝ’ የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ‘እማ፣ በትክክል አላነበብኩት ይሆናል፤ ልድገመው?’ አለችኝ። ደገመችው።»

ዓሪፍ መሬት መሬት አየ።

«ታጣቂዎቹም ‘ባልሽ የት ነው? ወታደር ነው አይደል?’ ብለው ሲያፋጥጡኝ ወረቀቱን አወጣሁላቸው። ለእነሱም አነበበችላቸው። ተሳሳቁ። እየሳቁ የስፌት መኪናዋን ተሸክመው ወጡ።»

«አባባስ? አባባ ምን አሉ?»

አሚና ወደ ተጠቀለለው አልጋ ተመለከተች። «የጠየቃቸውን ሰው ሁሉ ‘ልጄ ለእኛ ዱዓ ሊያደርግ ነው የሄደው’ ይሉ ነበር። ሰው ፈገግ ሲል ‘አላህ ሰላም ቢያወርድ በእሱ ዱዓ ነው’ ይሉ ነበር። አምነውህ ይሁን ሸፍነውህ፣ አላውቅም። እስኪያርፉ ድረስ ቃላቸውን አልቀየሩም።»

በዚህ ጊዜ ነው ያለቀሰው። እሷ አላለቀሰችም፤ የእሷ እንባ አልቋል። እስኪጨርስ ጠብቃ ተናገረችው።

«እኔን ያቃጠለኝ መሄድህ አይደለም። ስንቱ ወንድ ሄደ! ፈራሁ ብትለኝ ኖሮ ስንቅህን እኔ እቋጥርልህ፣ አባትህም መርቀው ይሸኙህ ነበር። ማን ከለከለህ? አንተ ግን እኛን ዝቅ አድርገህ፣ ራስህን ከፍ አድርገህ ወጣህ።»

ሁሉም እውነት ነበር።

ጋሽ ሙላቱን ለማመስገን በጓሮ በኩል ሄደ፤ በዋናው መንገድ ለመሄድ ፊት አልነበረውም። ሽማግሌው ከብት ያስሩ ነበር።

«ጋሽ ሙላቱ፣ አባቴን ቀብረውልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አባትህ ወዳጄ ነበሩ። ለአንተ ብዬ አይደለም» አሉት። ነገሩ እውነት ስለሆነ ዓሪፍን አላስቀየመውም። ሙላቱ ገመዱን ጨርሰው ካሰሩ በኋላ ፊታቸው ለዘብ አለ። «ተኩስ ነበረ ያን ቀን። መቃብሩን ግማሽ ቆፍሬ ሸሽቼ ቤቴ ገብቼ ነበር፤ ውባለም ናት የመለሰችኝ።»

ኅዳር ላይ የአባቱ አርባ ቀን ሰደቃ ሆነ። ከብት የለ፤ ዱቄት የለ። ከሰፈር የተሰበሰበ ማሽላ ተቀቅሎ ሰዉ ዙሪያውን ተቀመጠ። ዱዓው ሊጀመር ሲል ዓሪፍ ተነሣ። ያሰበውን ረጅም ንግግር ረሳው።

«ብርሃን ፍለጋ አልሄድኩም» አለ። «ፈርቼ ነው የሄድኩት። አባቴ ዱዓ ሊያደርግ ሄደ ያሏችሁ እውነት አልነበረም። አላደረግኩም። አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

ማንም አልደነገጠም። አንድ ሽማግሌ «እናውቃለን ልጄ። ተቀመጥ» አሉት። ዱዓው ተጀመረ። ሸክሙ የሚቀልለት መስሎት ነበር፤ አልቀለለም። ሁሉም አስቀድሞ ያውቀው የነበረውን ነገር እሱ ብቻ ሲደብቀው መኖሩ አዲስ እፍረት ሆነበት። የናጅዋ ዓይን ከሴቶቹ መካከል እንደሚያየው ያውቃል። ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ በኋላ ውሃውን የሚቀዳው እሱ ነው። ወንድ ውሃ ሲቀዳ የምትስቅ ብትኖር መልስ አይሰጥም። ካርቶን ሽፋን ያለውን መጽሐፍ አሚና እሳት ማያያዣ ታደርገው እንደሆነ ጠየቃት፤ «የራስህ ጉዳይ ነው» አለችው፤ ማገዶ ባጣች ቀን ራሱ ቅጠል በቅጠል ገነጠለላት። አሚና የምታናግረው ለሥራ ብቻ ነበር፦ ጀሪካኑን አውርደው፤ በሩን ዝጋው፤ ልጅቱን ጥራት።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ሊወጡ ሲሉ ተኩሱ እንደገና ከተማው ላይ መጣ። እኩለ ቀን ነበር። ሙላቱና ውባለምም ቤቱ የተሻለ ግንብ አለው ብለው መጥተው ሁሉም ወለሉ ላይ ተኝተዋል። አንድ ከባድ ነገር ቅርብ ወድቆ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ከኮርኒሱ አፈር ረገፈ። ዓሪፍ ያን ስሙን ያልጠራውን ነገር አወቀው።

«አሚና» አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማው። «ፈራሁ።»

ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«እኔም» አለችው። «ጠጋ በልና ናጅዋን ያዛት።»

ጠጋ አለ። ናጅዋ መጀመሪያ ትከሻዋን አደነደነችበት። ቀጥሎ ሌላ ሲወድቅ ግን እጁን ሳብ አድርጋ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ እሱም እጁ ተኩሱ እስኪበርድ ድረስ እየተንቀጠቀጠ እዚያው ቆየ።